ምድር ቤታችሁ ውሃ ሲገባበት አትቸኩሉ

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ዝናብ የሚጨነቅ ሰው ዓይኑን ከከተማዋ ኋላ ወዳለው ተራራ፣ ወደ ደንገጎ ይልካል። እዚህ ታች አሸዋው ደርቆ፣ ልጆች ከተማውን አቋርጦ በሚያልፈው ደረቅ ወንዝ፣ በደቻቱ ውስጥ ኳስ እየተጫወቱ፣ ከተራራው የወረደ ውሃ በድንገት ከተፍ ይላል። ከተማችን 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ከኋላዋ ያለው ደጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። የዚያ ሁሉ ቁልቁለት ውሃ መተላለፊያው በመሀላችን ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም. የሆነውን የሚረሳ የድሬ ሰው የለም። ከ250 በላይ ወገኖቻችን በዚያ ጎርፍ አለቁ።

እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ስላለው ሥራ ነው። የእኛ ምድር ቤት ግድግዳ የወደቀው ውሃው በመጣበት ሌሊት አልነበረም። ውሃውን አውጥተን «ተመስገን፣ ተገላገልን» ባልን ማግስት ነው።

ቤታችን መጋላ በኩል፣ ከደቻቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ቦታው ተዳፋት ስለሆነበት ከዋናው ቤት ሥር አምስት ደረጃ ወደ ታች የሚወርድ ክፍል አሠራ፦ አራት በስድስት ሜትር፣ ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ፣ ላዩ በስሚንቶ የተለሰነ። አሁን ልጆቹ ቤዝመንት ይሉታል። በዚህ ሙቀት ከሱ የተሻለ መጋዘን ስለሌለን ማሽላውም ዘይቱም ሽንኩርቱም እዚያ ነው። በ98 ውሃው ወገብ ድረስ ሞላው። ባለቤቴና ወንድሞቹ በሁለተኛው ቀን ፓምፕ ተውሰው ከጠዋት ጀምረው ሲስቡ ዋሉ፤ ማታ ላይ ወለሉ ታየ። ሲነጋ በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ውስጥ ተደርምሶ አገኘነው። ባለቤቴ አመሻሹ ላይ እዚያው ግድግዳ ሥር ጎንበስ ብሎ ጭቃ ሲዝቅ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ሰውነቴን ይወረኛል።

ግድግዳውን መልሰው የገነቡልን አዛውንት ግንበኛ ቆመው አይተው አንድ ነገር አሉኝ፦ «ልጄ፣ ውስጥ የነበረው ውሃኮ ግድግዳሽን ደግፎ ይዞት ነበር። እናንተ ድጋፉን ነጠቃችሁት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎርፍ ሲያልፍ መንገዱ ይደርቃል እንጂ ከግድግዳው ጀርባ ያለው አፈር ውሃ እንደጠጣ ነው። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ከታች፣ ከመሠረቱ አጠገብ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ቶን ያህል ይገፋል። ውስጡም ውጭውም ውሃ ሲሆን ግፊያው ይቻቻላል። የውስጡን በአንድ ቀን ስታወጡት ግን ያ ሁሉ ክብደት በአንድ ወገን ይቀራል፤ ድንጋይ በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ደግሞ ጭቃው ራሱ ርሶ ላልቷል። ብሎኬትም ቢሆን ያብጣል፣ ይሰነጠቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ነሐሴ ውሃ እንደገና ገባብን። ባለቤቴ በሕይወት አልነበረም፤ እኔና ሁለቱ ልጆቼ ነበርን። ያን ጊዜ የሠራነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ማንም እግሩን አያስገባ

ልጄ ደረጃው አፍ ላይ ቆሞ በባትሪ ወደ ታች ሲያበራ ውሃው ጥቁር ቡና መስሏል፣ አንድ ጀሪካን ላዩ ላይ ይዋልላል። «እማዬ፣ ጭን ነው የሚደርሰው፣ ልግባና ዘይቱን ላውጣ» አለኝ። ክንዱን ይዤ መለስኩት። ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ሶኬት ይታየኝ ነበር፤ ሌላኛው ደግሞ ውሃው ውስጥ ጠልቋል። 220 ቮልት የነካው ውሃ ከሌላው ውሃ በምንም አይለይም። አይጮህም፣ ቀለም የለውም።

ስለዚህ መብራቱ ከዋናው ይጥፋ። ቆጣሪያችሁና ዋናው ማጥፊያ ደረቅ ቦታ ላይ ከሆኑ፣ በደረቅ እጅ፣ በደረቅ መሬት ላይ ቆማችሁ አጥፉት። ማጥፊያው ያለው እዚያው ውሃ የገባበት ክፍል ከሆነ፣ ወይም እሱ ጋ ለመድረስ ውሃ መርገጥ ካለባችሁ፣ ተዉት። ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደውላችሁ ከምሰሶው እስኪቆርጡላችሁ ጠብቁ። የጎረቤት ልጅ «እኔ አውቃለሁ» ቢላችሁም እሺ አትበሉ። እኛ ሠራተኞቹ እስኪመጡ አንድ ሌሊት ጠብቀናል፤ ዘይቱ እንደሆነ የትም አልሄደ።

መብራቱ መጥፋቱ ከተረጋገጠ በኋላ ከውጭ ዙሩና እዩ፦ ግድግዳው ሆድ አውጥቷል? አዲስ ስንጥቅ አለ? በሩ ከወትሮው ይልቅ ጠብቋል? ከነዚህ አንዱ ካለ ግንበኛ ሳያየው አትግቡ። የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ታች ከነበረ፣ ከሸተታችሁ ክብሪትም ሻማም አትለኩሱ። ስትገቡ ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ አንዱ ደረጃው ላይ ይቁም። ቦት ጫማና የላስቲክ ጓንት አድርጉ። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ደረጃውን በዱላ እየዳበሳችሁ ውረዱ። ጎርፍ እባብና ጊንጥ ይዞ ይመጣል፤ በኋላም ቢሆን ዕቃ ስታነሱ መጀመሪያ በዱላ ገልብጡት እንጂ እጃችሁን ከሥሩ አትክተቱ።

ሞተሩ ውጭ፣ ከሰሉም ውጭ

መብራት ስለሌለ ብዙ ሰው በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ ወይም ጄኔሬተር ይከራያል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሞተሩን ደረጃው ላይ ወይም በሩ ሥር እንዳታስቀምጡት። ከበርና ከመስኮት ቢያንስ ስድስት ሜትር ይራቅ፣ ጭሱም ወደ ሜዳ ይዙር። ረጅም ቱቦ መከራየት ይሻላል። የሞተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ከባድ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲጀምራችሁ ጉልበት እየከዳችሁ ነው፣ ደረጃ መውጣት ያቅታችኋል።

የከሰል ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ውሃው ከወጣ በኋላ «ግድግዳው ቶሎ ይድረቅ» ብለው ሁለት ሦስት ምድጃ ከሰል አቀጣጥለው በሩን የሚዘጉ አሉ። እኛ ሰፈር አንዲት እናት እንዲህ አድርጋ፣ ልጇ ዕቃ ሊያወጣ ገብቶ ራሱን ስቶ በሰው ሸክም ነው የወጣው። እግዚአብሔር አተረፈው። የከሰልም ጭስ ያው የሞተሩ መርዝ ነው፤ ፍሙ ቀይ ሆኖ ጭሱ ባይታይም እንኳ መርዙ አለ። በዚያ ላይ የምትደክሙበት ለከንቱ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እርጥበቱ መውጫ ስለሌለው ከአንዱ ግድግዳ ተነስቶ ሌላው ላይ ያርፋል። ለእኛ ከሰል የጠቀመን ለሌላ ነገር ነው።

ውሃውን በልክ አውጡ

አንድ ቁራጭ ከሰል ይዤ ገባሁና ውሃው ግድግዳው ላይ በደረሰበት መስመር ጻፍኩ። ከወለሉ 90 ሳንቲሜትር ነበር። አራት በስድስት ክፍል ውስጥ 90 ሳንቲሜትር ማለት 21,600 ሊትር ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ብትቆጥሩ 108 በርሜል። በባልዲ የሚያልቅ አይደለም፣ ፓምፕ ግድ ነው።

መጀመሪያ ከውጭ ጠብቁ። ጎርፉ መንገዱ ላይ እያለ፣ ወይም ግቢያችሁ ገና ውሃ እንደቋጠረ፣ ፓምፑን አታስነሱ፤ ያወጣችሁት ይመለሳል። ውጭው ከጎደለ በኋላ 30 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ሳቡና አቁሙ። አዲሱን የውሃ መስመር በከሰል ምልክት አድርጉበትና እደሩ።

ያን ሌሊት አንዳችንም በደንብ አልተኛንም። ሲነጋ በባትሪ ስናይ ውሃው ከምልክቱ አራት ጣት ከፍ ብሏል። ልጄ «አቦ! ትናንት የለፋነው ለምንድን ነው?» አለ። ልፋቱ ከንቱ አልነበረም፤ ግድግዳው በራሱ ቋንቋ «ጀርባዬ ገና ውሃ ነው» እያለን ነበር። ያን ቀን ፓምፑን አልነካነውም። በማግስቱ ውሃው በቦታው ቆሞ ስናገኘው እንደገና ሳብን፣ ሌላ መስመር ጻፍን። ውሃው ሌሊቱን ከምልክቱ ካላለፈ በቀን ከ60 እስከ 90 ሳንቲሜትር ማውጣት ይቻላል ይባላል፤ እኛ ግን በ98 ያየነውን ስላየን እስከ መጨረሻው ከ30 አላለፍንም። በአምስተኛው ቀን ወለሉ ታየ። 

የምታወጡትን ውሃ የት እንደምትደፉትም አስቡ። ቱቦውን በር ላይ ከለቀቃችሁት ያው አፈር ጠጥቶት ተመልሶ ይገባል። ከቤቱ ራቅ አድርጋችሁ ወደ መንገዱ ቦይ ልቀቁት፣ ቦዩ በቆሻሻ ከተደፈነ መጀመሪያ ጥረጉት። የጎረቤት አጥር ሥር እንዳይሄድ አደራ።

ጭቃው ሳይደርቅ

እዚህ ላይ ብቻ ፍጠኑ። የደቻቱ ደለል ልስልስ ሆኖ እያለ በአካፋ ይነሳል፤ በድሬ ሙቀት ሁለት ቀን ካደረ ግን እንደ ጡብ ይጠነክራል፣ ማዕዘኑ ውስጥ ያለውን በመዶሻ ነው የምታወጡት። ዛቁት፣ በባልዲ አውጡት፣ ቀሪውን በውሃና በሳሙና እጠቡት።

ይህ ጭቃ የወንዝ ጭቃ ብቻ አይደለም። የየግቢው የሽንት ቤት ጉድጓድ ሁሉ በጎርፍ ተገልብጦ ገብቶበታል። ጭቃ ስትዝቁ አትብሉ፣ ጫት አትቃሙ፣ እጃችሁን ወደ አፋችሁ አትውሰዱ። ልጆች አይግቡ። ሚስማር ወይም ቆርቆሮ የቆረጠው ሰው በሳሙና ታጥቦ የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ያስፈልገው እንደሆነ እነሱ ያዩታል።

በረኪና የሚመጣው በሳሙና ከታጠበ በኋላ ነው፤ ጭቃ ላይ የተደፋ በረኪና ኃይሉን ጭቃው ይበላዋል። በአራት ሊትር ውሃ ሩብ ሊትር ገደማ በረኪና በጥብጣችሁ ወለሉንና ግድግዳውን አርሱት፣ በርና መስኮት ክፍት ይሁን። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል ፈጽሞ አይቻልም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በተለይ ጠባብ ምድር ቤት ውስጥ።

የሚጣለውን መጣል ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። አንድ ኩንታል ማሽላ ነበረኝ። ታጥቦ ፀሐይ ላይ ቢሰጣስ ያሉኝ ብዙ ናቸው። ሽንት ቤት የነካው ውሃ የጠጣ እህል ነው፤ ደግሞም እርጥብ እህል የሚያበቅለው ሻጋታ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፣ እሱን ማጠብም መቀቀልም አያጠፋውም። አልቅሼ ጣልኩት። ከብቶችም እንዳይበሉት ቀበርነው። የስፖንጅ ፍራሽ፣ ምንጣፍ፣ ካርቶን እንዲሁ ይሂድ። ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መብቀል ይጀምራል። ብረት፣ ፕላስቲክ፣ ብርጭቆ፣ ጠንካራ እንጨት ታጥበው ይተርፋሉ። የመሬት ካርታና የልደት ወረቀት ከረጠበ ገጽ በገጽ ለያይታችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ ፀሐይ ያኮማትረዋል።

ትንኝ

ይህን ለብቻው የማነሳው ድሬ ስለሆንን ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ዴንጊ፣ በ2011 ማብቂያ ቺኩንጉንያ ሰፈር ለሰፈር ሲያንኳኳ አይተናል፤ በ2014 ደግሞ የወባው ወረርሽኝ። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር በእኛ ሙቀት አንድ ሳምንት ከጥቂት ቀን ይበቃታል። ምድር ቤቱን ቀስ ብላችሁ ስታደርቁ ያ ውሃ አምስት ስድስት ቀን ይቆማል፣ ስለዚህ ወለሉ ላይ ምንም ኩሬ ሳትተዉ በጨርቅ ጨምቁት። ዋናው ግን ግቢ ያለው ነው፦ ጎርፉ የሞላው አሮጌ ጎማ፣ ጣሳ፣ የተሰበረ ባልዲ ይደፋ። የመጠጥ ውሃ የምታጠራቅሙበት በርሜልና ሮቶ ክዳኑ ይገጠም፤ የዴንጊም ሆነ በቅርብ ዓመታት ወደ ከተማችን የገባችው አዲሷ የወባ ትንኝ ንጹሕ የተጠራቀመ ውሃ ይመቻታል።

ማድረቅ

ሰው እዚህ ላይ ይሰለቻል። ወለሉ ሲነጣ «ደረቀ» ይላል። ግድግዳው ግን ልቡ እርጥብ ነው።

ግንበኛው በ98 ያስተማሩኝን አደረግን፦ የስሚንቶ ልስኑን ውሃው ከደረሰበት መስመር 30 ሳንቲሜትር በላይ ድረስ አራግፈን ድንጋዩን አራቆትነው። ስሚንቶ ልስን እንደ ላስቲክ ነው፣ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። ከመራገፉ በፊት ግንበኛ ግድግዳውን ማየት አለበት፤ እዚህም እዚያም የላላ ድንጋይ ካለ መደገፍ ይኖርበታል።

ከዚያ ነፋስ። ከላይ ከደረቀው ቤት በኤክስቴንሽን መብራት ስበን ቬንትሌተሩን በሩ ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አዞርነው፤ እርጥቡን አየር እየገፋ ሲያወጣ ትንሿ መስኮት ደረቁን ታስገባለች። ብዙ ሰው ወደ ውስጥ አዙሮ ያው አየር ሲሽከረከር ይውላል። የኤክስቴንሽኑ መጋጠሚያ መሬት ላይ አይተኛ፣ ምስማር ላይ ይንጠልጠል። ዝናብ ሲጥልና ውጭው ሲረጥብ መስኮቱን ዘግተን እናጠፋ ነበር። የታችኛውን ክፍል የራሱን መስመር ግን ኤሌክትሪሺያን ሶኬቱን ሁሉ ፈቶ ሳያየውና ውሃ የገባባቸውን ሳይቀይር አላስነሳነውም፤ ደረቅ የሚመስል ሶኬት ውስጥ ደለል ይቀራል።

በሦስተኛው ሳምንት ግድግዳው ነጭ ነጭ አወጣ፣ ዱቄት የተበተነበት ይመስላል። ልጄ ሻጋታ መሰላት። ጣቴን አስነካሁት፤ በጣቴ መሀል ሲፈረከስ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ሽታ የለውም። ሻጋታ ለስላሳ ነው፣ ይሸታል፣ ብዙ ጊዜም ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነው። ይሄኛው ውሃው ከግድግዳው ሲወጣ ተሸክሞት የመጣ ጨው ነው። በደረቅ ቡርሽ አራግፋችሁ ጥረጉት፣ በውሃ ካጠባችሁት ተመልሶ ይገባል። ጨው እስካወጣ ድረስ ግድግዳው ገና ውሃ እያወጣ ነው ማለት ነው።

ልስን ለመመለስ መቼ እንደሚደርስ የማውቅበትን መንገድ ላሳያችሁ። ክንድ በክንድ የሆነ ንጹሕ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግቼ አራቱንም ጠርዝ በስኮች አሸግኩና አሳደርኩት። በማግስቱ ጠርዙን ቀስ አድርጌ ስገልጠው ከሥሩ ጤዛ የመሰሉ ጠብታዎች ተደርድረዋል፣ ስሚንቶውም ጠቁሯል። ከላይ ሲያዩት ግን አቧራ የሚያስነሳ ደረቅ ወለል ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ደገምኩት። ኮንክሪት በግምት ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት አንድ ወር ይፈልጋል ይባላል፤ የእኛ ወለል አሥር ሳንቲሜትር ያህል ነው።

ላስቲኩ ያለ አንዲት ጠብታ የተነሳው በታኅሣሥ ነው። ቀለም ሻጩ ፕላስቲክ ቀለም ውሰጂ ብሎኝ ነበር፣ አልወሰድኩም፤ ግድግዳው እንዲተነፍስ በኖራ አስቀባሁት። ሶኬቶቹን ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ላይ አስነሳሁ። ማሽላው አሁን የመጀመሪያው የከሰል መስመር ከነበረበት ከፍታ በላይ በተሠራ የብረት መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሰኔ ሲገባም አሥራ አምስት ማዳበሪያ አሸዋ ሞልተን ደረጃው አፍ ላይ እንደረድራለን።